ድብርት የሴሮቶኒን እጥረት ብቻ አይደለም

ለአዘጋጁ፦

ድብርት በአንጎል ውስጥ ያለው ሴሮቶኒን (በነርቭ ሴሎች መካከል መልእክት የሚያስተላልፍ ኬሚካል) በማነሱ የሚመጣ ሕመም እንደሆነና መድኃኒቱም የጎደለውን እንደሚሞላ የገለጸው ጽሑፋችሁ ጉዳዩን ከልክ በላይ አቅልሎታል። እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉት የተለመዱ መድኃኒቶች በነርቭ ሴሎች መገናኛ ላይ የሚገኘውን ሴሮቶኒን በሰዓታት ውስጥ ከፍ ማድረግ ቢጀምሩም፣ የሕመምተኛው ስሜት በግልጽ የሚሻሻለው አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ነገሩ የእጥረት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል መዘግየት ባልታየ ነበር። ይህን ስል መድኃኒቶቹ አይጠቅሙም ማለቴ አይደለም፤ ብዙዎችን ረድተዋል።

የመድኃኒት ምርጫውም ቢሆን በአንጎል ኬሚስትሪ ልኬት አይወሰንም፤ የትኛው ለማን እንደሚስማማ አስቀድሞ የሚናገር አስተማማኝ የደም ምርመራ እስካሁን የለምና። ሐኪሙ የሚመራው በምልክቶቹ፣ በጎንዮሽ ጉዳትና በሕመምተኛው የጤና ታሪክ ነው። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ላጣ ሰው ሚርታዛፒን ሊመረጥ ይችላል፤ ዶፓሚንና ኖርኤፒነፍሪን በተባሉ ሌሎች የአንጎል ኬሚካሎች ላይ የሚሠራው ቡፕሮፒዮን ደግሞ በወሲብ ፍላጎት ላይ የሚያደርሰው ጫና አነስተኛ ቢሆንም የሚጥል በሽታ ላለበት አይሰጥም።

ስለዚህ በቀጣዩ እትም አንድ የአእምሮ ሐኪም መድኃኒት ሲያዝ ምን ምን እንደሚያመዛዝን፣ እንዲሁም የተጀመረን መድኃኒት ያለ ሐኪም ምክር በድንገት ማቋረጥ ምን እንደሚያስከትል የሚያስረዳ ማስተካከያ እንድታወጡ እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ