ስለ ጊታር ጉርምርምታና ስለ ፒክአፕ ቅየራ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለክቡራን ደንበኞቻችን
ጎንደር

ጉዳዩ፦ በጉርምርምታ ምክንያት የሚጠየቅ የፒክአፕ ቅየራን ይመለከታል

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታችንን እናቀርባለን። ካለፈው ክረምት ወዲህ ለጥገና ከሚመጡልን ኤሌክትሪክ ጊታሮች የሚበዙት «ቤት ስሰካው እምምም ይላል፤ ፒክአፑን ቀይሩልኝ» በሚል ቅሬታ የሚመጡ ናቸው። ፒክአፕ የምንለው ከክሮቹ ሥር ሆኖ ንዝረታቸውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ክፍል ነው። ከእንግዲህ ጊታሩንና አብረውት የሚሰኩትን ዕቃዎች ሳንፈትሽ እንዲህ ያለ ቅየራ እንደማንሠራ እየገለጽን፣ ምክንያታችንን በዚህ ደብዳቤ እናስረዳለን።

ወደዚህ ውሳኔ ያደረሰን የራሳችን ስሕተት ነው። አዘዞ የሚኖሩ አንድ ደንበኛችን ፒክአፕ እንዲቀየርላቸው ጊታራቸውን ሲያመጡ ምንም ሳንጠይቅ ቀየርንላቸው። እኛ ጋ ሲሞከር ድምፁ ጥርት ያለ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከመቀየሩ በፊትም ጥርት ያለ ነበር፣ ያን ጊዜ ግን ልብ አላልነውም። በሳምንቱ ጊታሩን ይዘው ተመለሱ፤ ጉርምርምታው እንደነበረ ነው። ቤታቸው ሄደን ስናይ ላፕቶፑ፣ ሳውንድ ካርዱ (ጊታሩን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ዕቃ)፣ አምፕሊፋየሩና የስልክ ቻርጀሩ ሁሉም በአንድ ዲቫይደር ተሰክተዋል፤ ስታብላይዘሩ ደግሞ የሚቀመጡበት ወንበር ሥር ነው። የላፕቶፑን ቻርጀር ስንነቅለው ጆሮ የሚበላው ቀጭን ጩኸት ወዲያው ቆመ፤ ወንበሩን ከስታብላይዘሩ ሁለት ሜትር ያህል ስናርቀው ደግሞ የቀረው ወፍራሙ ድምፅ በጣም ቀነሰ። የእጅ ዋጋውን መልሰንላቸዋል። የወጣው ፒክአፕ አሁንም ጠረጴዛችን ላይ አለ፤ በሜትር ለክተነዋል፣ ምንም አልሆነም።

በአገራችን ወደየቤቱ የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። የምትሰሙት ጉርምርምታ መነሻው ይኸው 50 ኸርዝና ብዜቶቹ ናቸው፤ ከቤዝ ጊታር ዝቅተኛ የጂ ኖታ (49 ኸርዝ) ጋር የተጠጋጋ ስለሆነ በጂ ስትጫወቱ ከሙዚቃው ጋር ተመሳስሎ ሊያልፋችሁም ይችላል። ነጠላ ጥቅል ያለው ፒክአፕ በማግኔት ዙሪያ ብዙ ሺህ ጊዜ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ነው፤ የክሩን ንዝረት ብቻ ለይቶ የሚሰማበት መንገድ ስለሌለው በአቅራቢያው ያለ ስታብላይዘር፣ ትራንስፎርመር ወይም የአምፖል ዲመር (ብርሃን መቀነሻ) የሚረጨውን መግነጢስ ሁሉ ይቀበላል። ሰውነታችሁን ከነጊታሩ ቀስ ብላችሁ ስታዞሩ ድምፁ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው። ሴዝ ላቨር የተባለው መሐንዲስ በ1955 እ.ኤ.አ. ለጊታር አምራቹ ለጊብሰን የሠራው፣ ሃምበከር የሚባለው ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ ሁለቱን ጥቅሎች በተቃራኒ አገናኝቶ ይህንኑ ጉርምርምታ እርስ በርሱ እንዲጠፋፋ ያደርጋል፤ ስለዚህ ሃምበከር የሚጠይቁ ደንበኞቻችን ጨርሶ ተሳስተዋል አንልም። ነገር ግን ሃምበከር ከቻርጀርና ከመሬት ገመድ የሚመጣውን ጩኸት አያጠፋም፣ የጊታሩንም ድምፅ ይለውጣል። ነጠላ ጥቅል ፒክአፕ የሚሰጠውን ብሩህና ጠርዝ ያለው ድምፅ ለባቲና ለአንቺሆዬ የሚወድ ሰው፣ በቻርጀር ምክንያት ያን ድምፅ ቢያጣ የሚያሳዝን ነው።

ሁለተኛው የጉርምርምታ ዓይነት ክሩን በእጃችሁ ስትነኩት የሚቀንሰው ነው። ይህ የሚያሳየው የክሩ የመሬት ግንኙነት ደህና መሆኑን፣ የጊታሩ ውስጥ ግን በሚገባ አለመሸፈኑን ነው፤ የሽቦዎቹን ጉድጓድ በመዳብ ቴፕ ስንሸፍነው በእጅጉ ይቀንሳል፣ ይህም ከፒክአፕ ቅየራ በብዙ ይረክሳል። ስትነኩት የሚጨምር ከሆነ ግን ከድልድዩ (ክሮቹ ከሚያርፉበት ብረት) ሥር ያለው ሽቦ ተበጥሶ ወይም የጃኩ (የገመዱ መሰኪያ) ሁለት ገመዶች ተለዋውጠው ሊሆን ስለሚችል ጊታሩን አምጡልን፤ የአንድ ብየዳ ሥራ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምናሳስበው ስለ መንዘር ነው። ክሩን ይዛችሁ ማይክሮፎኑ ከንፈራችሁን ሲነካ የሚነዝራችሁ ከሆነ ነገሩ የጊታር ድምፅ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷልና መጫወቱን ወዲያው አቁሙ፣ ሁሉንም ከሶኬት ንቀሉ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያም ጥሩ። ሶኬቱ ባለ ሦስት ስለሆነ ብቻ ከኋላው የመሬት ገመድ አለ ማለት አይደለም፤ በቆዩ ቤቶች ከግድግዳው የሚመጡት ሁለት ገመዶች ብቻ ሆነው አግኝተናል። ጉርምርምታውን ለማጥፋት ብላችሁ የአምፕሊፋየሩን የመሬት እግር አትቁረጡ። እንዲህ ተቆርጦ የመጣን ዕቃ ሶኬቱን ሳንተካ አንመልስም፤ በዚህ ቅር የተሰኙብን ደንበኞች አሉ፣ ቅሬታቸውን ግን እንሸከማለን።

ከአሜሪካ በዘመድ ስለሚላኩ ዕቃዎች በአጭሩ፦ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ዕቃው ከሚፈልገው ዋት በላይ የሚችል መቀነሻ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ትራንስፎርመሩንም ከጊታሩ አርቁት። የፔዳል (በእግር የሚረገጠው የድምፅ መለወጫ) አዳፕተር እንደ አብዛኛው ልማድ 9 ቮልት ሆኖ መሐሉ ኔጌቲቭ ነው። የራውተር ቻርጀር ሶኬቱ ልክ ስለገባ ብቻ ይሠራል ብላችሁ አትሞክሩት፤ በዚሁ ምክንያት የተቃጠሉ ፔዳሎች መሳቢያችን ውስጥ አሉ።

ቤታችሁ ውስጥ ለምትቀርጹ ደንበኞቻችን ደግሞ የምንለው አለን። «ፒክአፑ ሞቷል» ተብሎ ከመጣልን ጊታር መካከል ምንም ያልሆነ፣ ነገር ግን የተሰካበት የሳውንድ ካርድ መግቢያ ለማይክሮፎን ወይም ለላይን (እንደ ኪቦርድ ላሉ ዕቃዎች) የተዘጋጀ የነበረ አለ። ጊታር አንድ ሜጋኦም ያህል ተቃውሞ ያለው መግቢያ ይፈልጋል፤ ያን የምታገኙት «ኢንስትሩመንት» የሚለውን ማብሪያ ስትጫኑ ነው፤ ሳትጫኑ ከቀራችሁ ቀጭኑ ድምፅ ይታፈናል። ጠንክራችሁ ስትመቱ የቅጂው ድምፅ መለኪያ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ቢደርስ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ስታስጮኹት ጉርምርምታውም አብሮ ይጮኻል። በሴኮንድ በ48 ሺህ ናሙና ስትቀርጹ በፈሩን (ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያጠራቅመውን የናሙና ብዛት) 256 ብታደርጉት መዘግየቱ በአንድ በኩል 5 ሚሊሴኮንድ ከትንሽ ነው፤ ደርሶ መልሱ ከዚያ እጥፍ በላይ ይሆናል፣ ብዙ ሰው ግን ይለምደዋል። ኮምፒውተሩ ከቻለ 128 ይሻላል።

ጉርምርምታን በኖይዝ ጌት (ድምፁ ሲያንስ ጨርሶ በሚዘጋው መሣሪያ) ለማጥፋት ለሚሞክሩ ምክራችን እንዲተዉት ነው። በሮክ ምት ላይ ይሠራል፤ በትዝታ ግን ኖታው እየሳሳ የሚሄድበት ጅራት ራሱ ዜማው ስለሆነ፣ ጌቱ ያን ጅራት በቢላ እንደተቆረጠ አድርጎ ያስቀረዋል። ከዚህ ይልቅ ዲስቶርሽኑን (ድምፁን የሚያሻክረውን) ቀንሱ፣ ለጊታሩም ጸጥ የሚልበትን አቅጣጫ ፈልጉ። በነገራችን ላይ ከደንበኞቻችን አንዱ ካሰሙን ቅጂዎች ሁሉ ጥርት ያለው የተቀረጸው ሰፈሩ በሙሉ መብራት በጠፋበት ምሽት ነው፤ ላፕቶፑ በባትሪ፣ ሳውንድ ካርዱ ከላፕቶፑ በዩኤስቢ። መብራት ሲጠፋ የምናማርረው ነገር ብዙ ቢሆንም ይህን አንዱን መካድ አንችልም።

ስለዚህ ከመጪው ወር መጀመሪያ ጀምሮ ጉርምርምታ አለው ተብሎ የሚመጣ ጊታር ከነገመዱ፣ ከነአዳፕተሩና ከነሳውንድ ካርዱ እንዲመጣልን እንጠይቃለን። ፍተሻው ፒያሳ በሚገኘው ሱቃችን እናንተ ባላችሁበት የሚደረግ ሲሆን ዋጋ አንጠይቅበትም። ከመምጣታችሁ በፊት ቤታችሁ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅላችሁ፣ ከስታብላይዘሩ ርቃችሁ፣ ገመዱንም በሌላ ቀይራችሁ ሞክሩ፤ ድምፁ በየትኛው ላይ እንደተለወጠ ብትነግሩን ሥራው ይፈጥናል። ፍተሻው ፒክአፑ በእርግጥ መበላሸቱን ካሳየ እንደ ቀድሞው እንቀይራለን። ቀደም ብለው ፒክአፕ አስቀይረው ጉርምርምታው ያልጠፋላቸው ደንበኞች ካሉ የወጣውን ፒክአፕና ደረሰኛቸውን ይዘው ቢመጡ፣ የድሮውን መልሰን በነፃ እንገጥማለን።

ከሰላምታ ጋር
የጥገና ክፍሉ
ጎንደር፣ ፒያሳ