የአክስል ላስቲክ ሲቀደድ፦ ራሳችሁ ትቀይሩታላችሁ ወይስ ታመጡልናላችሁ?

ይድረስ ለውድ ደንበኞቻችን፤

እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ተደጋግሞብናል። «የአክስልህ ላስቲክ ተቀዷል ተባልኩ፤ ራሴ ብቀይረው ምን አለበት?» ትሉናላችሁ። በስልክ በሁለት ቃል የሚመለስ ስላልሆነ ይህን ደብዳቤ ጻፍን። ጋራዥ ስለሆንን «አምጡት» ብቻ የምንል አይምሰላችሁ። ራሳችሁ ብትሠሩት የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። ጊዜው ግን አጭር ነው።

ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ዲዛየርና የመሳሰሉት መኪኖች ላይ ሞተሩ የሚያዞረው የፊት ጎማዎችን ነው። ኃይሉን ከካምቢዮ ወደ ጎማ የሚያደርሱት ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት አክስሎች ናቸው። እያንዳንዱ አክስል በሁለቱም ጫፍ መገጣጠሚያ አለው። እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበው ጥቁር ላስቲክ የሚሸፍነው ይህን መገጣጠሚያ ነው። በጎማው በኩል ባለው ውስጥ ብዙ ጊዜ ስድስት የብረት ኳሶች አሉ፤ በተቦረቦረላቸው መንገድ ይሄዳሉ። ላስቲኩ ግሪሱን ይይዛል፣ አቧራውን ይከለክላል። ቶሎ የሚቀደደው በጎማው በኩል ያለው ነው፤ መሪ በዞረ ቁጥር አብሮ ይታጠፋልና።

ላስቲኩ ተቀደደ ብሎ መኪናው አይቆምም። የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። አክስሉ ሲሽከረከር ግሪሱን ይረጨዋል፣ በተቀደደው በኩል ደግሞ አቧራ ይገባል። የአዳማ አቧራ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን፤ አፈራችን ውስጥ የጥንት እሳተ ገሞራ አመድ አለ። በጣታችሁ ብታሹት ይኮሰኩሳችኋል። ነፋሱም እንደምታውቁት ነው። ይህ አቧራ ከግሪስ ጋር ሲቀላቀል ሞረድ ይሆናል።

በቅርቡ በወንጂ መንገድ የሚመላለስ አንድ ደንበኛችን መኪናውን አመጣልን። ቸርኬው በውስጥ በኩል ጥቁር ቅባት ተረጭቶበታል። ላስቲኩ ላይ የከመነዳሪ ቁራጭ ተጠምጥሞ በሽቦ ታስሯል። ስንፈታው ግሪሱ ግራጫ ሆኗል፤ በጣት ሲነካ አሸዋ አሸዋ ይላል። ኳሶቹ የሚሄዱበት መንገድ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ተቆፍሯል። መጀመሪያ እንደተቀደደ ቢመጣ ላስቲክና ግሪስ ብቻ ይበቃው ነበር። አሁን ሙሉ አክስል ገዛ። እውነቱን ለመናገር አዘንን።

ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት መኪናውን ስሙት። ሰው የሌለበት ሰፊ ቦታ ፈልጉ። መስኮት ክፈቱ፣ ሬዲዮ ዝጉ። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙራችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩ፤ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ካለ መገጣጠሚያው ተበልቷል፤ አዲስ ላስቲክ አያድነውም። ለአንዱ «ላስቲክ ብቻ»፣ ለሌላው «አክስል ይቀየር» የምንለው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ሰው አይተን አይደለም። ቀጭ ቀጭ እያለ ደግሞ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዲስ አበባ እንዳትወጡ። መገጣጠሚያው ከተሰበረ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናው አይሄድም።

ድምፅ ከሌለው፣ ቅዳዱም የሰሞኑ ከሆነ ራሳችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ፍሬን ሸራ ቀይራችሁ የምታውቁ ከሆነ ማለታችን ነው። መኪናውን በክሪክ ብቻ አንስታችሁ ሥር እንዳትገቡ እንለምናችኋለን። መኪናው የሚያርፍበት ጠንካራ የብረት ካቫሌቶ ከሌላችሁ ሥራውን አትጀምሩት።

ትልቁ ፈተና ጎማው መሃል ያለው የአክስል ዳዶ ነው። በብዙ ትናንሽ መኪኖች የሚጠብቀው በ200 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ ትክክለኛውን ቁጥር ከመኪናችሁ መመሪያ እዩ። ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት፣ እጀታው 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁልፍ ጫፍ ላይ 68 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲቆምበት አስቡት። ስለዚህ መኪናው መሬት ላይ እያለ፣ ፍሬን ተይዞ ነው የሚላላው። አልፈታም ካለ የአክስሉን ጫፍ በመዶሻ አትምቱ፤ ጥርሱ ይበላሻል። ስትመልሱትም በግምት አይሆንም። እኛም ድሮ በአየር በሚሠራው መፍቻ አጥብቀን «ይበቃል» ብለን የሸኘነው መኪና ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ኩሽኔታው እያጉረመረመ ተመለሰ። በራሳችን ወጪ ቀየርንለት። ከዚያ ወዲህ ይህን ዳዶ ያለ ቶርክ ሬንች፣ ማለትም ምን ያህል እንደጠበቀ ከሚለካው ቁልፍ ውጪ፣ አንዘጋም።

ግሪሱን በተመለከተ፣ ከላስቲኩ ጋር በከረጢት የሚመጣውን ጥቁሩን ተጠቀሙ። ሞሊብዲነም ያለበት ነው፤ ብረት ከብረት ሲፋተግ ይችላል። ቤት የተረፈ የኩሽኔታ ግሪስ አይተካውም። አሮጌውን ግሪስ ጠራርጋችሁ በናፍጣ ካጠባችሁ በኋላ መገጣጠሚያው በደንብ ይድረቅ፤ የቀረ ናፍጣ አዲሱን ግሪስ ያቀጥነዋል። ላስቲኩን አክስሉ ላይ የሚይዘውን ትንሹን ማሰሪያ ከማጥበቃችሁ በፊት የላስቲኩን ከንፈር በካቻቢቴ ቀስ አድርጋችሁ ከፍ በማድረግ አየሩን አስወጡ፤ እንዳትወጉት ብቻ። አክስሉን ከካምቢዮ የምታወጡ ከሆነ ዘንጉን ይዛችሁ አትጎትቱ፤ የውስጠኛው መገጣጠሚያ ሊለያይባችሁ ይችላል። የካምቢዮ ዘይትም ስለሚፈስ ዕቃ ደቅኑ፣ የፈሰሰውንም ተኩ።

አክስል ሳይፈታ በሙጫ ወይም በብሎን የሚገጠም፣ ጎኑ ሆን ተብሎ የተሰነጠቀ አዲስ ላስቲክም ይሸጣል። በእኛ አስተያየት መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ቤቱ ማድረሻ ነው። በዚህ አቧራ ለክረምት ለበጋ አንመክረውም።

ፈታችሁት ካመነታችሁ የኳሶቹን መንገድ ጠርጋችሁ ፎቶ አንሱና በቴሌግራም ላኩልን፤ አይተን የመሰለንን እንነግራችኋለን። ለዚህ ገንዘብ አንጠይቅም። ቶርክ ሬንች ለሌላችሁም አንድ ትርፍ አለን። ቅዳሜ ከሰዓት መታወቂያ አስይዛችሁ ውሰዱት፣ ሰኞ ጠዋት መልሱልን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የጋራዡ ባለቤትና ሠራተኞች
አዳማ