ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ሚኒስቴር፦ ካርታ የሚሠራ መምህር በምን ይመዘን?

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በጂኦስፓሻል (በቦታና በካርታ መረጃ ጥናት) እና በዳታ ሳይንስ የተሰማሩ የዩኒቨርሲቲ መምህራን የደረጃ ዕድገት መመዘኛ እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

ክቡር ሚኒስትር፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከጎንደር ነው። በዚህ ከተማ ጂአይኤስ (የቦታ መረጃን በኮምፒዩተር መያዝና መተንተን)፣ ሪሞት ሴንሲንግ (ምድርን በሳተላይት ምስል ማጥናት) እና ስታቲስቲክስ ሳስተምር ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። ባለፈው ወር አንዲት የማስተርስ ተማሪዬ የመመረቂያ ጽሑፏን ካስረከበች በኋላ ቢሮዬ መጥታ፣ «መምህር፣ በዚህ ሙያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብቀር የት እደርሳለሁ?» ስትል ጠየቀችኝ። የሙያውን ጥቅም ለማስረዳት አልተቸገርሁም። የተቸገርሁት ሙያውን በአግባቡ የሠራ ሰው በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች እንዴት እንደሚመዘን ልነግራት ስጀምር ነው። ይህ ደግሞ የእርስዎን መሥሪያ ቤት የሚመለከት ጉዳይ ስለ ሆነ ጥያቄዋን ወደ እርስዎ ማድረስ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ሥራችን ምን ዓይነት ማሰብን እንደሚጠይቅ ከዚሁ ከአካባቢያችን በሆነ ምሳሌ ላስረዳ። ከጎንደር ወደ መተማና ወደ ሁመራ ሲወርዱ የሚገኘው ቆላ በበጋ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈርና ግራር የበዛበት ምድር ነው፤ ካላዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም የምትጠለለው በዚሁ የአፈር ንቃቃት ውስጥ ነው። በየዓመቱ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች በዚያ ይነደፋሉ፤ ብዙዎቹ የሚታመሙት ግን ወራት አልፈው ወደ ቀያቸው ከተመለሱ በኋላ ነው። በሕክምና ካርዳቸው ላይ የሚጻፈው አድራሻ የተነደፉበት ሳይሆን የሚኖሩበት ቀበሌ በመሆኑ፣ ይህን አድራሻ እንዳለ ለኮምፒዩተር የሚሰጥ ተማሪ በሽታው በማይተላለፍበት ደጋ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ካርታ ይዞ ይመጣል። ካርታው ያምራል፤ የስታቲስቲክስ ፈተናውንም ያልፋል፤ ነገር ግን ስሕተት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በ1997 ዓ.ም. በደጋው ሊቦ ከምከም ወረዳ የካላዛር ወረርሽኝ ሲነሣ መጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ ነበር፤ ከታመሙትም መካከል ለሥራ ወደ ቆላ ወርደው የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ «ይህ ደጋ ነውና አይመለከተውም» ብሎ መዝጋትም አይቻልም። ታማሚው የአጨዳውን ወቅት የት እንዳሳለፈ የሚጠይቅ፣ የአፈሩንና የሙቀቱን ካርታ ከመልሱ ጋር አስተያይቶ የሚፈርድ ሰው ያስፈልጋል። ለተማሪዎቼ ጂኦስፓሻል አስተሳሰብ ማለት ይህ ነው እላቸዋለሁ።

ሌላም አለ። አገራችን በ1፡50,000 መጠን ያሳተመቻቸው ካርታዎች አዲንዳን በተባለው የልኬት መሠረት (የቦታዎች ኮኦርዲኔት፣ ማለትም የካርታ አድራሻ፣ በሚሰላበት መነሻ) ላይ የቆሙ ናቸው፤ ይህም መሠረት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በተጀመረው የዓባይ ተፋሰስ ጥናት ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ የገባ ነው። በእጃችን ያለው ጂፒኤስ ደግሞ የሚናገረው በሌላ መሠረት ነው። ሁለቱን ሳያስማማ የደራረበ ሰው ነጥቦቹ ከ200 ሜትር በላይ ይሸሹበታል። በሜዳ አገር ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ በእኛ ተራራና ገደል ግን 200 ሜትር አንድን ምንጭ ከሸለቆ አንሥቶ አምባ ላይ ያስቀምጠዋል።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የጎንደርን ጨምሮ፣ በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ላይ የተመሠረቱ የቦታ ስርጭት ጽሑፎች (አንድ የጤና ችግር የት እንደሚበዛ የሚያሳዩ) በብዛት ወጥተዋል፤ እኔም ከጸሐፊዎቹ አንዱ ነኝ። ጥናቱ ትልቅ ሥራ ነው፤ መረጃውንም በጥያቄ ያለ ክፍያ ያገኘነው በመሆኑ ባለውለታችን ነው። ይሁን እንጂ በመላ አገሪቱ ያሉት የናሙና ቦታዎች 645 ብቻ ሲሆኑ፣ የመላሾቹን ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል የቦታዎቹ ኮኦርዲኔት ሆን ተብሎ በከተማ እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ በገጠር እስከ 5 ኪሎ ሜትር፣ ከገጠሮቹም ከመቶ አንዱ እስከ 10 ኪሎ ሜትር እንዲዛነፍ ተደርጓል። ይህ መረጃ ክልልን ከክልል ለማነጻጸር ይበጃል፤ የትኛው ቀበሌ ጤና ጣቢያ እንደሚያስፈልገው ግን ሊነግረን አይችልም። እንዲህ ከሆነ ይህን ያህል ምሁር በአንድ መረጃ ላይ ለምን ተሰበሰበ? ስንፍና አይደለም። ከሌክቸረርነት ወደ ረዳት ፕሮፌሰርነት፣ ከዚያም ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት የሚያደርሰው አንዱ ዋና መንገድ በጆርናል የታተመ ጽሑፍ ነው፤ ከተዘጋጀ መረጃ ጽሑፍ ማውጣት ወራት ሲፈጅ፣ አዲስ መረጃ ከመሬት መሰብሰብ ግን ዓመታት ይወስዳል።

ይህን በራሴ አይቼዋለሁ። በአንድ ወረዳ የሚገኙ ምንጮችንና የእጅ ፓምፖችን እየዞርሁ፣ የትኛው በየትኛው ወር እንደሚደርቅ ነዋሪዎችን እየጠየቅሁ ሦስት ዓመት ሠራሁ፤ መረጃውን የሚያጸዳውንና የሚፈትሸውን የኮምፒዩተር ኮድም ሌሎች እንዲጠቀሙበት አድርጌ ጻፍሁ። የወረዳው የውሃ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ይሠሩበታል። የዕድገት ፋይሌን ሳቀርብ ግን አንድ ገምጋሚ የጠየቀኝ ነገር «ይህ በየትኛው ጆርናል ወጣ?» የሚል ብቻ ነበር፤ ሥራውም ከምርምር ሳይሆን ከማኅበረሰብ አገልግሎት ተቆጥሮ ጥቂት ነጥብ ተሰጠው። የተማሪዬ ጥያቄ ያስጨነቀኝም ይህን ስላሳለፍሁ ነው።

መረጃን በትዕግሥት መገንባት ፍሬ እንዳለው ከዳባት ወረዳ የበለጠ ምስክር አላውቅም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1996 በዚያ የጀመረው ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ከቤት ቤት የመከታተል ሥራ ስንት ተመራማሪ እንዳፈራ በዚህ ከተማ የሚያስተምር ሁሉ ያውቃል። ያ ሥራ የቆመው ግን በተቋም ትከሻ ነው። አንድ ወጣት መምህር ብቻውን እንዲህ ያለ ነገር እንዳይጀምር የሚመክሩት ባልደረቦቹ ናቸው፤ ክፋት ኖሮባቸው ሳይሆን አዝነውለት ነው።

የድንበር መረጃም ሌላው ችግራችን ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን ለሦስት ተከፍሏል፤ አዳዲስ ወረዳዎችም ተዋቅረዋል። ተማሪዎቼ ከኢንተርኔት በሚያወርዱት ፋይል ላይ ግን ዞኑ ብዙ ጊዜ አንድ እንደ ሆነ ነው። አዲሱን የቀበሌ ድንበር ለማግኘት የድጋፍ ደብዳቤ ይዤ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት አራት ጊዜ ተመላለስሁ፤ በመጨረሻም የተሰጠኝ በወረቀት የታተመ ካርታ ፎቶ ኮፒ ነበር። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሳተላይቷን ያመጠቀች አገር ተማሪዋን የቀበሌውን ድንበር በእርሳስ ስታስቀዳው ማየት ያማል።

ስለዚህ ክቡር ሚኒስትር፣ የምጠይቀው ይህን ነው። በደረጃ ዕድገት መመዘኛ ውስጥ በሚገባ የተሰነደ፣ በሌላ ባለሙያ የተፈተሸና ሌሎች ሊጠቀሙበት የሚችሉት የመረጃ ስብስብ፣ እንደዚሁም የትንተና ኮድ፣ ከታተመ ጽሑፍ ጋር በአንድ ሚዛን ከምርምር ሥራ እንዲቆጠር ይደረግ። «ጥራቱን ማን ይመሰክራል?» የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ጽሑፍን የሚገመግሙ ሁለት ምሁራን መረጃንም ናሙና ወስደው፣ ካስፈለገም ቦታው ድረስ ሄደው ሊገመግሙ ይችላሉ። ከስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ጋርም ሚኒስቴሩ የጽሑፍ ስምምነት ቢያደርግና የአስተዳደር ድንበርን የመሰለ ምስጢር የሌለበት መረጃ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በሙሉ በየዓመቱ እየታደሰ ቢደርስ፣ ተማሪ ሁሉ በየበሩ ደጅ ከመጥናት ይድናል። የታማሚዎችን አድራሻ የመሰለው ምስጢራዊ መረጃ ግን ተጠብቆ መቆየት አለበት፤ በዚህ ላይ ቸልታ እንዲኖር አልጠይቅም።

ተማሪዬ በሁለት ወር ውስጥ መወሰን አለባት። ከአንድ የውጭ ድርጅት የሥራ ጥሪ ቀርቦላታል፤ እዚህ ደግሞ የረዳት መምህርነት ቦታ አለ። የመመረቂያ ሥራዋ በደንቢያ ሜዳ የእንቦጭን መስፋፋት በሳተላይት ምስል መከታተል ነበር፤ ለማረጋገጫ ጣና ሐይቅ ዳር ድረስ ወርዳ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ያየችው እርሷ ራሷ ናት። ያ መረጃ እንደ ምርምር የሚቆጠርላት ከሆነ እንድትቀር እመክራታለሁ። የእርስዎን ምላሽ ከዚያ በፊት ባገኝ ለእርሷም ለእኔም ትልቅ ነገር ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጂአይኤስ መምህር
ጎንደር