ያልተቆጠሩት ቆጣሪዎች፦ የስታቲስቲክስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ የያዘው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ አምና የጀመርነውን የሕዝብ ቁጥር ድረ ገጽ ማሻሻል። ውድድር አልገባንም፣ ጉብኝትም አልወጣንም። ዓመቱ ያለቀው ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ነው። ልጆቹ የደረሱበትን ሳይ ግን ደስ ስለሚለኝ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ድረ ገጹን ላላያችሁት፦ ክልል ወይም የአዲስ አበባን ክፍለ ከተማ ትመርጣላችሁ፣ ዓመት ትመርጣላችሁ፣ የሕዝቡ ብዛት በግራፍ ይመጣላችኋል። መነሻ የሆነን ጋፕማይንደር የተባለው ድረ ገጽ ነው። ስዊድናዊው ሐኪም ሃንስ ሮስሊንግ ከልጁና ከምራቱ ጋር ያቋቋመው ሲሆን፣ አገሮችን በክብ በክብ አድርጎ ዓመት በዓመት በግራፍ ላይ ያንቀሳቅሳል። ልጆቹ እሱን አይተው እንደጨረሱ የጠየቁት «የካ አባዶ የታለች?» ብለው ነው። እዚያ ላይ ያለው አገር እንጂ ሰፈር አይደለም። እኛ ቢያንስ ክፍለ ከተማ ድረስ እንውረድ ተባባልን።

በአገራችን እስካሁን የተካሄደው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሦስት ነው፦ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። የክበባችን አባላት ደግሞ ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ያሉ ናቸው፤ ሁሉም የተወለዱት ከ1999 በኋላ ነው። ይህን መጀመሪያ ያስተዋለችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። የ1999ኙን 73.9 ሚሊዮን እያስገባች ሳለ ቆም አለችና «ቲቸር፣ እዚህ ውስጥ እኮ እኛ የለንም» አለች። ክፍሉ በሙሉ የትውልድ ዘመኑን ይጠያየቅ ጀመር። እውነትም አንድም የተቆጠረ አልተገኘም። ከዚያ ወዲያ «ቶሎ በሉ» ብዬ መገፋፋት አላስፈለገኝም።

የመጀመሪያው ማሻሻያ የመጣውም ከዚሁ ከሰፈራችን ነው። አምና በሠራነው ገጽ ላይ ሰፈራችን ያለበትን ክፍለ ከተማ፣ ለሚ ኩራን፣ መርጣችሁ 1999ን ስትነኩ «0» ይል ነበር። ለሚ ኩራ ከየካና ከቦሌ ተቆርሶ ክፍለ ከተማ የሆነው በ2013 ዓ.ም. ነው። በ1999 አዲስ አበባ የነበሯት ክፍለ ከተሞች 10 ናቸው። ዜሮ ማለት ግን ሄደን ቆጥረን ሰው አጣን ማለት ነው። እዚህ መሬት ላይ ኮንዶሚኒየሙ ሳይመጣ በፊት የሚያርሱ፣ ከብት የሚያረቡ ሰዎች ነበሩ፤ የተመዘገቡት ያኔ በነበረው አስተዳደር ስም ነው። አሁን ዜሮው ተነሥቶ በቦታው «በዚህ ቆጠራ ጊዜ ክፍለ ከተማው አልተመሠረተም፤ የካንና ቦሌን ይመልከቱ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ስሞቹን ስትነኩ ወደዚያው ይወስዳችኋል።

ይቺን አንድ መስመር ማምጣት ቀላል አልነበረም። ጃቫስክሪፕት የተባለው የኮድ ቋንቋ ባዶ ጽሑፍን ወደ ቁጥር ሲቀይር ዜሮ ያደርገዋል። ስለዚህ ልጆቹ ሰንጠረዡን ሴል በሴል እያዩ የትኛው በእርግጥ ዜሮ፣ የትኛው መረጃ የሌለው እንደሆነ ምልክት አደረጉበት። አሰልቺ ነው። ሁለት ሁለት ሆነው፣ አንዱ እያነበበ ሌላው እያየ ነው የጨረሱት።

ትልቁ ክርክር የተነሣው ግን በግራፉ መስመር ላይ ነው። አምና መስመሩ ከ1976 ተነሥቶ እስከ ዛሬ ሳይቋረጥ ይሄድ ነበር። ላየው ሰው ሕዝቡ በየዓመቱ የተቆጠረ ይመስላል። ከ1999 ወዲህ ያለው ግን ትንበያ ነው፣ ትንበያውም እንደ ተንባዩ ይለያያል። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ትንበያ ለ2016 ዓ.ም. ወደ 110 ሚሊዮን ይጠጋል። የተባበሩት መንግሥታት ደግሞ በፈረንጆቹ 2024 ባወጣው እትሙ ለዚያው ዓመት ከ130 ሚሊዮን በላይ ያስቀምጣል። በመሃል ያለው ልዩነት ከ20 ሚሊዮን ሰው በላይ ነው! አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ «አንዱ ተሳስቷላ፣ አንዱን እናውጣው» አለ። ሌሎቹ ደግሞ «የትኛውን?» ብለው ያዙት።

ወደ ኋላ ሄደን ሁለቱንም አስተያየናቸው። ልዩነቱ ያለው ገና ከመነሻው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ቆጠራውን ከሌሎች ጥናቶች ጋር እያመሳከረ ስለሚያስተካክል፣ ለ1999 ራሱ የሚይዘው ቁጥር ከቆጠራው ውጤት ከፍ ይላል። በዚያ ላይ የወሊድ፣ የሞትና የፍልሰት ግምት ይታከልበታል። መነሻው ላይ ያለው ክፍተት በየዓመቱ እየሰፋ ይሄዳል። ይህ ከገባቸው በኋላ ማንም ይውጣ ያለ የለም። አሁን ቆጠራ በጥቁር ነጥብ ይታያል፤ ትንበያ በተቆራረጠ መስመር፣ እያንዳንዱ ምንጭ በራሱ ቀለም። መስመሩን ስትነኩት ማን፣ መቼ እንደተነበየው ይነግራችኋል። በእኔ እምነት የዓመቱ ትልቁ ሥራ ይሄ ነው። ቁጥር ፈልጎ የመጣ ሰው የተቆጠረውንና የተገመተውን ለይቶ ማየት መብቱ ነው።

የ1976ቱም ብዙ አነጋግሮናል። አንዱ ልጅ 42.6 ሚሊዮን ይዞ መጣ፣ ሌላው 39.9 ሚሊዮን። የመጀመሪያው ኤርትራን ይጨምራል፣ ሁለተኛው አይጨምርም። ከዚያም ሌላ በጦርነቱ ምክንያት ቆጣሪ ያልደረሰባቸው ቦታዎች ነበሩ፤ የእነሱ ሕዝብ በግምት ነው የገባው። ስለዚህ የ1976 ነጥብ መሃሉ ባዶ የሆነ ክብ እንዲሆን ተወሰነ።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፍ። ፍለጋው አሁን ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ እንዲሁም ሰ እና ሠን አንድ አድርጎ ያያል፤ «ሐረር» ብላችሁ ጻፉ «ሀረር» ያገኝላችኋል። የፈረንጆቹ ዓመት ወደ እኛ ሲመለስ አንዴ 7 አንዴ 8 መቀነሱ ቀርቷል። የተባበሩት መንግሥታት የዓመት ቁጥር የሚይዘው የፈረንጆቹን ጁላይ 1 ነው፤ ያ ማለት ሰኔ 24 ስለሆነ ሁልጊዜ 8 ይቀነሳል። ገጹ በሞባይል ቶሎ ይከፈታል፣ ዳታ አይበላም። መብራትና ኔትወርክ በጠፋ ቀን እንዲሠራም በፍላሽ የሚያዝ ቅጂ አለው።

በ1999 ቆጣሪ ሆነው የሠሩ አንድ የሥራ ባልደረባችን አንድ ከሰዓት ክበቡ ድረስ መጥተው ልጆቹን አጫወቱልን። ለአብዛኛው ቤት አጭሩ ቅጽ፣ ከአምስት ቤት ለአንዱ ደግሞ ረጅሙ ቅጽ ይሞላ እንደነበር አስረዱ። ልጆቹ ጥያቄ አላለቀባቸውም። «በር የሚከፍት ከጠፋስ?» «ተመልሶ መሄድ ነዋ!» «ሰውየው ዕድሜውን ካላወቀስ?» «ያኔ ምን ሆኖ ነበር እያልን፣ በዘመን እያስታወስን።» ልጆቹ ይህን ከሰሙ በኋላ በዕድሜ ግራፉ ላይ 30፣ 40 እና 50 ዓመት ላይ ሰው ለምን እንደሚበዛ ገባቸው፤ ዕድሜውን በትክክል የማያውቅ ሰው ወደ ሙሉ ቁጥር ያጠጋጋል። ለባልደረባችን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ገጹ ሥራ ላይም ውሏል። የጂኦግራፊ መምህራችን ስለ ሕዝብ አሰፋፈር ሲያስተምሩ ከፍተውታል። የዚያን ዕለት ክፍሉን ያነጋገረው የ1999 የፆታ ንጽጽር ነው። በአገር ደረጃ ወንዶች 37,296,657፣ ሴቶች 36,621,848 ሆነው ወንዶቹ ይበልጣሉ። አዲስ አበባ ስትመረጥ ይገለበጣል፤ ወንዶች 1,305,387፣ ሴቶች 1,434,164። ለምን ሲባል የኋላ ወንበር ላይ ያለች ልጅ «እናቴም ለሥራ ነው የመጣችው፣ አክስቶቼም» አለች። የሚፈለገው መልስ ይኸው ነበር። ከገጠር ለሥራም ለትምህርትም ወደ ከተማ ከሚመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው።

ለሚቀጥለው ዓመት የተያዙ ሁለት ሥራዎች አሉ። አንደኛው የ1992፣ የ1997፣ የ2003 እና የ2008 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶችን ማስገባት ነው። አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልዳቸው ልጆች ቁጥር ከ5.5 ወደ 4.6 እንዴት እንደወረደ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ ገና ያኔም ከ2 በታች እንደነበር ልጆቹ በራሳቸው ግራፍ ማሳየት ይፈልጋሉ። ሁለተኛው ገጹን በአፋን ኦሮሞም ማዘጋጀት ነው። ከትምህርት ቤታችን ተማሪዎች ብዙዎቹ ቤታቸው የሚያወሩት አፋን ኦሮሞ ነው፤ ይህ እስካሁን መቆየት አልነበረበትም። አፋን ኦሮሞ አጥርቶ የሚጽፍ ተማሪ፣ ኮድ ባይችልም፣ በጣም እንፈልጋለን። ምዝገባው መስከረም ላይ በኮምፒውተር ክፍል ነው።