ሐረጎን ሳንወርድ የቀረበ የቤተሰብ ምስጋና

ከወልዲያ ተነሥተን ወደ ኮምቦልቻ በእግራችን ስንጓዝ ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀናችን ነው። ይህን የምጽፈው ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ካረፍንበት ዘመድ ቤት ሆኜ ሲሆን፣ ነገ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን የቀረንን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ከጨረስን ቤታችን እንገባለን። ምስጋና ከደረሱ በኋላ ነው የሚል ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን ሥራ ከጀመርኩ በኋላ የሰዎቹ ውለታ እንዳይደበዝዝብኝ ስለ ሰጋሁ ዛሬውኑ ማቅረብን መርጫለሁ።

ጉዞውን ያሰብነው በአባቴ ምክንያት ነው። በልጅነቱ ሥራ ፍለጋ ይህንኑ መንገድ የነጋዴ አጋሰስ ተከትሎ እንደ መጣ ሲነግረን ስላደግን፣ በመንፈቅ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት እኔና ባለቤቴ፣ የ14 ዓመት ወንድ ልጃችንና የ11 ዓመት እኅቱ ልንሞክረው ተነሣን።

ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግናቸው ውርጌሳ አቅራቢያ ያስጠጉንን እናት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ለጉዞው ብዬ ለልጄ አዲስ ጫማ ገዝቼላት፣ መርሳን እንዳለፍን ሁለቱም ተረከዞቿ ውሃ ቋጠሩ፤ ሲመሽም አንደኛው ፈንድቶ መቆም አቃታት። በመንገዱ ዳር ቡና የሚያፈሉት እኒህ እናት ሥራቸውን አቋርጠው ወደ ቤታቸው አስገቡን፤ እግሯን በለብታ ውሃ አጥበው አልጋቸውን ለልጆቹ ለቀቁና እርሳቸው መደብ ላይ አደሩ። በማግስቱ በልጃቸው አስጠርተው ያመጡልን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቁስሉን አጽድታ ካሸገች በኋላ ሁለት ቀን እንዳትራመድ ስላዘዘች፣ ሁለቱንም ቀን እዚያው ቆየን። ገንዘብ ባወጣሁ ጊዜ «ሒሳብማ ቡና ጠጪ ነው የሚከፍለው፤ እናንተ እንግዶች ናችሁ» ብለው እጄን መለሱት። የሰፈሩ ጫማ ሰፊም የዚያን መዘዘኛ ጫማ ተረከዝ ቆርጦ ከኋላው ክፍት አደረገው፤ ልጄ እስከ ደሴ የደረሰችው በእርሱ ነው።

ውጫሌ ላይ ያገኘናቸው ጡረተኛ መምህር በ1881 ዓ.ም. ስለ ተፈረመው ውል፣ በተለይም የአማርኛውና የጣሊያንኛው ቅጂ ስለ ተለያየበት አንቀጽ 17 እየተረኩ እስከ ከተማው ዳር ሸኙን። ልጄ ለፈተና የሸመደደውን አንቀጽ ውሉ በተፈረመበት አገር እየተራመደ ሲሰማ ድካሙን ረስቶት ነበር። ሐይቅ ላይ ዓሣ ጋብዛችኋቸው ከሆነ ልጆች ምን ያህል እንደሚበሉ ታውቃላችሁ፤ ያን ቀን በዱቤ ያበላንን ባለ ምግብ ቤት ሳላመሰግን አላልፍም።

እየቆማችሁ «ምን ቸገራችሁ፣ ግቡ» ላላችሁን አሽከርካሪዎች ሁሉ፣ እንቢ ማለታችን ንቀት እንዳልነበረ ዕወቁልን። ምክንያታችንን ሰምቶ እኛን ሳይሆን ሻንጣዎቻችንን ብቻ ጭኖ ሐይቅ ያደረሰልን የባጃጅ ሾፌር ግን ልዩ ምስጋና ይገባዋል፤ ሳያስቆመን ረድቶናልና።

በኮምቦልቻ አባቴን ስትጠብቁልን ለሰነበታችሁ ጎረቤቶቻችንም ምስጋናችን የላቀ ነው። በየማታው እየደወለ የት እንደ ደረስን ሲጠይቅ፣ ድሮ ምንጭ የነበረበትን ቦታ ሁሉ ከእኛ ይልቅ እርሱ ያይ ነበር። ነገ ቦርከና ድልድይ ላይ ወንበር አውጥቶ ሊጠብቀን ስለ ዛተ፣ እባካችሁ ፀሐይ እንዳያገኘው ጃንጥላ ያዙለት።

በመጨረሻም ነገ ጠዋት በሐረጎ ለምታልፉ አሽከርካሪዎች አንድ ልመና አለኝ። ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ ከ1,900 በታች ስለ ሆነች ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ ጭጋግም ሊኖር ይችላል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሥተን በግራው ጠርዝ በአንድ ረድፍ እንወርዳለን፤ ቢጫ ሰደርያ ለብሶ ከፊት የሚሄደው ልጄ ነው፣ ከኋላ ያለሁት እኔ ነኝ። ኩርባው ላይ ፍጥነት ቀንሳችሁ ቀደም ብላችሁ ጥሩንባ ብትነፉልን ከወዲሁ አመሰግናለሁ።