ያን ማታ መንገድ ለለቀቃችሁልኝ ሁሉ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ 5 ወር ፈጅቶብኛል። ስለዘገየሁ ይቅርታ። አንደኛ፣ ደረቴ ተከፍቶ የተሰፋ ሰው ነኝ። ሁለተኛ፣ ከማመሰግናቸው ሰዎች ግማሾቹን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም።

ነገሩ የሆነው የሐምሌ ገብርኤል ዕለት ነው። ከካንሳስ ሲቲ ጭኜ በአይ-70 አውራ ጎዳና ወደ ዴንቨር እየነዳሁ ነበር። ጉድላንድን የትራክ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ያ ግዙፍ የሱፍ አበባ ሥዕል የቆመባት ከተማ ናት። እዚያ ልደርስ ስል ጀርባዬ መሃል ላይ የሆነ ነገር ሲቀደድ ተሰማኝ። ጨጓራ ነው ብዬ ነዳሁ። እኛ መቼም ሁሉ ነገር ጨጓራችን ነው። ትራክ ስቶፕ ገብቼ ውሃ ልገዛ ስል ወደቅኩ።

እዚያ ካሸር የነበርሽው ልጅ፣ 911 ደውለሽ አምቡላንሱ እስኪመጣ ጭንቅላቴን ጭንሽ ላይ ይዘሽ የቆየሽው፣ አማርኛ እንደማታነቢ አውቃለሁ። ልጄ በእንግሊዝኛ የጻፈችልሽ ደብዳቤ በፖስታ ተልኮልሻል።

የከተማዋ ሆስፒታል ትንሽ ነው። ሐኪሟ ግን ሲቲ ስካኑን እንዳየች ነው ያወቀችው። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ ግድግዳው ውስጥ ለውስጥ ተሰንጥቋል። ደም ግፊቴን ችላ ያልኩበት ዋጋ ነው። እንዲህ ያለው ሕመም ቶሎ ቀዶ ጥገና ካላገኘ፣ መጀመሪያ አካባቢ በየሰዓቱ የመሞት ዕድሉ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይጨምራል። ይህን ያወቅኩት ኋላ ነው። ያኔ ቢነግሩኝ በድንጋጤው እሞት ነበር። ዴንቨር በመኪና 3 ሰዓት ገደማ ነው። ውጭ ደግሞ የካንሳስ የሐምሌ ማታ ነው፤ መብረቅ በመብረቅ።

አንዲት ባለ አንድ ሞተር ፒላተስ አውሮፕላን መጣች። ነርሷና ፓራሜዲኩ ከእኔ ጋር ከኋላ፣ ፓይለቱ ከፊት። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርገውልኝ ስለነበር ሬዲዮው ይሰማኛል። ደጋግመው "ሜዴቫክ፣ ሜዴቫክ" ይላሉ። መድኃኒቱ አፍዞኛል። ይሄ ሁሉ ሰው የሚጠራው ሜዴ የሚባል ሰው ማነው እላለሁ። ለካ እኔው ነኝ።

ጥቅምት ላይ ባለቤቴ ድፎ ዳቦ ጋገረችና ካንሳስ ያለው ሐንጋራቸው፣ አውሮፕላኗ የምታድርበት ድረስ ሄድን። ፓይለቱ ታብሌቱን ከፍቶ የዚያን ማታ ፍላይት ፕላን፣ ማለትም የበረራውን ቅጽ፣ አሳየኝ። ከአውሮፕላኗ ቁጥር ፊት ኤል ፊደል ተጨምሯል። ቀድሞ የእነዚህ በረራዎች የጥሪ ስም "ላይፍጋርድ" ነበር፤ ኤሏ ከዚያ የቀረች ናት። 18ኛው ሳጥን ውስጥ ደግሞ "ሜዴቫክ" ተብሎ ተጽፏል። የትም አገር ያለ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ያነባታል፤ ሕይወቱ አደጋ ላይ ያለ ሰው አለ ማለት ነው። ጽሑፉ ብቻ ግን አይበቃም። ፓይለቱ በሬዲዮ ሲናገርም ከቁጥሩ በፊት ቃሏን ይጠራል። ሎንግሞንት ያለው የዴንቨር ሴንተር ተቆጣጣሪ ይህን ሲሰማ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ከማዕበሉ ማምለጫ መንገድ ይፈልጋል። ያን ማታም ግራ ቀኝ እያስባለ በዳር በዳር አወጣን። 40 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው የበረርነው። አንተ በሬዲዮ የሰማሁህ ሰውዬ፣ ድምፅህ እንዴት ያለ እርጋታ ነበረው!

አንድ ነገር ግን አስደነገጠኝ። ፓይለቱ መጀመሪያ ሲደወልለት ማን እንደታመመ፣ ምን እንደሆነ አይነገረውም። በዚህ አየር ይበረራል ወይስ አይበረርም፣ እሱን ብቻ ነው የሚወስነው። ሕፃን ነው፣ ሊሞት ነው ቢሉት ሆዱ ይባባና የማይገባበት ደመና ውስጥ ይገባል። ከፓይለቱ፣ ከነርሷና ከፓራሜዲኩ አንዱ "አይሆንም" ካለም በረራው ይቀራል። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ "እና ልትቀር ትችል ነበር?" አለችው። "አዎ" አላት። ሁላችንም ዝም አልን። ከዚያ ተነስታ ሳመችው።

ሌላም ነገረን። እኔን ዴንቨር አጠገብ ያለው ሴንቴኒያል ኤርፖርት አውርደው ባዷቸውን ሲመለሱ ቃሏን አይጠሯትም። የምትጠራው የሚያስቸኩለው ጉዞ ላይ ብቻ ነው። ያን ማታ በተራ ቁጥራቸው፣ ከግል ጄቶች ኋላ ተሰልፈው 25 ደቂቃ ጠብቀዋል። ደክሟቸዋል። እንቅልፍ አላቸው። ቢጠሯት ማን ያውቅባቸው ነበር?

ይሄኛው ነው ያልወጣልኝ። እኔ አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲ እነዳ ነበር። አምቡላንስ ከኋላዬ ሲጮህ "ባዶውን ነው፣ ሹፌሩ ምሳ ረፍዶበት ነው" እያልኩ አልለቅም ያልኩበት ቀን አለ። አንዳንዴም እውነቴን ነበር። አንዳንዴ ግን ውስጡ ሰው ነበረ ይሆናል። ለእነዚያ ሰዎች ይቅርታዬን በምን እንደማደርስ አላውቅም።

ትራኬን ከጉድላንድ ያነሳህልኝ፣ የራስህን ሎድ አቁመህ የእኔን ያደረስክ ወንድሜ፣ ምን ልበልህ። ዴንቨር አጠገብ ያለችው የሰፈራችን የኦሮራ እድርተኞች፣ ባለቤቴን 9 ቀን ብቻዋን አላሳደራችኋትም፤ አጥሚቱም እስካሁን አላለቀም። ጎንደር ላለችው እናቴ "ስልኩ ወድቆበት ተሰብሮ ነው" እያላችሁ ያቆያችሁልኝ እህቶቼ፣ ውሸታችሁን እግዚአብሔር ይቅር ይበላችሁ። መታመሜን ሳይሆን መዳኔን ሰማች። የቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ሌሊቱን ቆማችሁ ላደራችሁ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ዕድሜ ይስጣችሁ።

ደግሞም የማላውቃችሁ። ያን ማታ ሴንቴኒያል ልትወርዱ ተቃርባችሁ "ትንሽ ዙሩ፣ የሚቀድም አለ" ተብላችሁ ከሆነ፣ የቀደምኳችሁ እኔ ነኝ። ከእናንተ መሃል በእኔ የተነሳ እራቱ ያመለጠው ካለ ቤታችን ኦሮራ ነው። አሁን ጾም ነው፤ ከገና በኋላ ብቅ ይበል፣ ዶሮ አለ።