ድምፃችሁን ላዋሳችሁኝ ሁሉ፦ የምስጋና መልእክት

ለ2005 ዓ.ም የስድስት ኪሎ የሕግ ምሩቃን፣ ለአንባቢዎቼ፣ ለመምህራኖቼ፣ ለሥራ ባልደረቦቼና ለቤተሰቤ፦

እንኳን ደስ አለህ ብላችሁ የደወላችሁልኝ፣ የጻፋችሁልኝ፣ ቅዳሜ ዕለት ቡናውን አብራችሁ የጠጣችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእያንዳንዳችሁ ልመልስ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ አልዘለቅሁትም። ስለዚህ አንዴ ለሁላችሁም ልጻፍ። ያልሰማችሁ ካላችሁ፣ የጥብቅና ፈቃዴ ከወጣ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ከአንድ የክፍላችን ልጅ ጋር ሆነንም ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ብዙ ሳንርቅ፣ ሁለት ክፍል ተከራይተን የጥብቅና ድርጅታችንን ከፍተናል።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች አንድ ነገር ማስቀደም አለብኝ። ዓይነ ስውር ነኝ። ዓይኔን ያጣሁት በአራት ዓመቴ፣ በኩፍኝ ነው። ሰበታ መርሐ ዕውራን ብሬል ተማርኩ፤ በ2001 ዓ.ም ስድስት ኪሎ ገባሁ። ሕግ የመረጥኩበትን ምክንያት ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ምክንያቱ አንድ ወረቀት ነው።

አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ የእርሻ መሬቷን ለአንድ ዘመድ አከራየች። ማንበብና መጻፍ አትችልም። ወረቀቱን ያዘጋጀው ራሱ ተከራዩ ነው፤ ያነበበላትም እሱው። “ሁለት ዓመት” ብሎ አነበበላት፣ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች። ወረቀቱ ዐሥር ዓመት ይል ነበር። ሁለት ዓመቱ ሲያልፍ መሬቴን ልቀቅ ብትለው ወረቀቱን አወጣ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ “አትመሻል አይደል?” ሲሏት “አዎ አትሜያለሁ” አለች። እውነት ነው፣ አትማለች። ከዚያ በኋላ ሰው ቤት እንጀራ እየጋገረች አሳደገችኝ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ። የመጀመሪያው ለዶርም ጓደኛዬ፣ ዛሬ በአማራ ክልል ዐቃቤ ሕግ ለሆንከው ነው።

ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ የውል ሕግ ፈተና ነበረብን። ታስታውሳለህ፣ ያን ጊዜ ካሴት ላይ ነበር የምትቀዳልኝ። ጉንፋን ይዞህ፣ ጋቢ ተከናንበህ፣ ድምፅህ እየተቆራረጠ ታነብ ነበር። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድበት ቃላቱን ስለሚውጠው ቴፑን አፍህ ድረስ ታስጠጋዋለህ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ችሎቱ በአማርኛ ስለሆነ እያንዳንዱን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ነበር የምታነበው፤ አንዴ ለፈተናው፣ አንዴ ለሥራው። ከዚያ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1728 ላይ ደረስክ። ንዑስ ቁጥር 3፣ ዓይነ ስውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው ያኖረው ፊርማ ወይም የጣት ምልክት በውል አዋዋይ፣ በሬጅስትራር ወይም በሥራው ላይ ባለ ዳኛ ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው ይላል። “ድገመው” አልኩህ። ደገምከው። “ድገመው” አልኩህ። ሦስተኛው ላይ ምን ሆንክ ሳትለኝ፣ ቀስ ብለህ፣ ቃል በቃል አነበብክልኝ።

የእናቴን ወረቀት አንድም ዳኛ፣ አንድም ውል አዋዋይ አላየውም ነበር። ሕጉ ከ1952 ዓ.ም ጀምሮ እዚያው ተጽፎ ተቀምጧል። የጎደለው ለእሷ የሚያነብላት ሰው ነበር። ካሴቱ ዛሬም አለኝ። ዝናቡም ሳልህም አሉበት።

ያንን አንቀጽ ያነበብክልኝ አንተ መሆንህን ነው ልነግርህ የፈለግኩት፤ ዐሥራ አምስት ዓመት ሊሞላው ሲል ዛሬ ገና ነገርኩህ።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ተራ አውጥታችሁ ያነበባችሁልኝ ሰባት ልጆች፣ ሁላችሁንም በድምፃችሁ ነው የማውቃችሁ። ነጋሪት ጋዜጣ በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ ነው፤ ድካም ሲይዛችሁ ከዓምድ ወደ ዓምድ ትዘሉና ሁለታችንም ስንደናገር፣ ከዚያ እንደገና ከላይ ስንጀምር ያመሸንባቸው ሌሊቶች ስንት ናቸው። የራሳችሁን ፈተና ትታችሁ አይደለም ያነበባችሁልኝ፤ ከራሳችሁ እንቅልፍ ላይ ቆርሳችሁ ነው። የመውጫ ፈተናው ዕለት ከእኔ በላይ የተጨነቃችሁትም እናንተ ነበራችሁ።

ከመካከላችሁ አንዷ ዛሬ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ናት። ቅዳሜ አልመጣችም። ሰው ሁሉ “ለምን ቀረች?” ሲል እኔ ምክንያቱን አውቀው ነበር፤ ሐሙስ ማታ ደውላ፣ “ወንድሜ፣ አንተ ጠበቃ ነህ፣ እኔ ዳኛ ነኝ። ቢሮህ ገብቼ ዳቦ ቆርሼ ነገ ችሎቴ ብትመጣ ባለጋራህ ምን ይላል? ደግሞ መዝገብህ እኔ ጋ ከተመራ ከዳኝነቱ እነሳለሁ፣ እንዳይከፋህ” አለችኝ። አልከፋኝም። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፣ በደስታ። እህቴ፣ ያን ዕለት ከመጡት ሁሉ በላይ ያከበርሽኝ አንቺ ነሽ።

ሌላዋ ሜሪላንድ ናት። አሜሪካ ገብታ፣ ሌሊት የአረጋውያን መንከባከቢያ እየሠራች፣ ቀን ማስተርሷን ተምራ፣ የኒው ዮርክን የጥብቅና ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቃ በሦስተኛው አልፋለች። በዚያ ሁሉ መሀል የእኔን ንባብ አላቋረጠችም። ከሥራ ስትወጣ፣ አውቶቡስ እየጠበቀች፣ በቴሌግራም በድምፅ የላከችልኝ የሰበር ውሳኔ ቁጥሩ ብዙ ነው። የእሷ ሌሊት ለእኔ ጠዋት ስለሆነ ቢሮ ስገባ ተነቦ ይጠብቀኛል። አንዱ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ የጽሑፍ ማስተማሪያውን በሙሉ በዩኒኮድ፣ ማንኛውም ኮምፒውተር በሚያውቀው የፊደል አጻጻፍ፣ አስተካክሎ ነው ለተማሪዎቹ የሚሰጠው። ይህ ቀላል ነገር ለሚመስለው ሰው፣ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ልንገረው።

ከተመረቅሁ በኋላ በአንድ ድርጅት ነገረ ፈጅ ሆኜ ሠርቻለሁ። ኮምፒውተሬ የተጻፈውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም አለው። ነገር ግን እስካን የተደረገ ወረቀት ለእሱ ፎቶ ነው፤ ዝም ይላል። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፣ በፓወር ግዕዝ፣ የተጻፈውን ደግሞ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል አድርጎ ይለፈልፋል። የሀገራችን የሕግ ጽሑፍ አብዛኛው ከሁለቱ በአንዱ ነው የተቀመጠው። እትዬ፣ የቢሯችን ጸሐፊ፣ ስምሽን እንዳልጠራ ስላስማልሽኝ አልጠራም። ሥራ ከወጣሽ በኋላ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት እየቆየሽ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መልሰሽ የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ። በዚያ ፋይል ያልተከራከርኩበት መዝገብ የለም።

የተከለከልኩበትም አለ፤ ምስጋና ስጽፍ እሱን ብዘለው ያበረታችሁኝን ሰዎች ድካም ማሳነስ ይሆንብኛል። አንድ መሥሪያ ቤት ለዳኝነት አመልክቼ፣ “ማስረጃ በምን አይተህ ትመዝናለህ?” ተብዬ ማመልከቻዬ ሳይታይ ተመልሷል። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ 568/2000 ዓ.ም እየተጠቀሰ በሚሠራበት አገር ነው ይህ የሆነው። ለጥብቅና ፈተናው የመጀመሪያ ጊዜ ስቀመጥ የተመደበልኝ አንባቢ የሕግ ቃል ሰምቶ የማያውቅ ልጅ ነበር። “በይርጋ ይታገዳል” (የመክሰሻው ጊዜ አልፎበታል) የሚለውን ሲያነብ፣ ይርጋ የሰው ስም መስሎት “ይርጋ ማነው?” ብሎ ጠየቀኝ። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፣ የመደበው ነው። ሰዓቴ አለቀ፣ ወደቅሁ። አንድ ወር ያህል ከቤት አልወጣሁም።

ያን ጊዜ ነው በቡድናችን ውስጥ አንዳችሁ ከምንም ሳትነሱ የየትነበርሽ ንጉሤን ዜና መልሳችሁ የለጠፋችሁት። የእኛው ትምህርት ቤት ምሩቅ፣ ዓይነ ስውር፣ በመስከረም 2010 ዓ.ም ብዙዎች “አማራጭ ኖቤል” የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኘች። ያን ቀን፣ በ2010፣ ሁላችንም ምን ያህል እንደጮህን ትዝ ይላችኋል። በዓመቱ ጥቅምት ላይ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ ኅዳር ላይ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሲሆኑም እንዲሁ ነበርን፤ ሁለቱም በእኛ ኮሪደር ያለፉ ናቸው። ግን እኔን ከአልጋዬ ያስነሳኝ የየትነበርሽ ዜና ብቻ አልነበረም። ከሥሩ አንዳችሁ፣ “ቀጣዩ ፈተና መቼ ነው? ማን ማን ያነባል?” ብላችሁ ጻፋችሁ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የአምስት ወር ተራ ተያዘ። ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ መምህር፣ የባንክ ነገረ ፈጅ፣ የሦስት ልጆች እናት፤ እንደገና ተማሪ ሆናችሁ አነበባችሁልኝ። አዲሱን የንግድ ሕግ፣ አዋጅ 1243/2013ን፣ በአራት ድምፅ ነው የማውቀው። በሁለተኛው ፈተና ሕግ የሚያውቅ አንባቢ እንዲመደብልኝ ከቢሮ ቢሮ ደብዳቤ ይዛችሁ የዞራችሁትንም አልረሳም።

ድርጅቱን አብሮኝ ለከፈተው ወንድሜ ምን ልበል? እስከ አዋጅ 1249/2013 ድረስ ጠበቃ በግሉ እንጂ በድርጅት አይሠራም ነበር። አዋጁ በወጣ ሰሞን ደውለህ፣ “ፈቃድህን ብቻ አውጣ፣ እኔ እጠብቅሃለሁ” አልከኝ። ሌሎች ሲጠይቁህ እምቢ ብለህ ጠበቅኸኝ። ቢሮውን ስንከራይ፣ የቤቱ ወኪል 1728ን ጠቅሶ የእኔን ፊርማ አልቀበልም ሲል፣ “እንግዲያው የእኔንም አትቀበል” ብለህ ብዕሩን አስቀመጥክ። ሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ሄደን ጨረስነው። ለእናቴ ጋሻ ይሆናት የነበረው አንቀጽ፣ ሕግ ለተማረ ልጇ በየባንኩና በየቢሮው “ምስክር አምጣ” መባያ ሆኗል። ይህ አንቀጽ መታየት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ማንበብ የማይችለውን ሰው ሳያጋልጥ፣ በብሬልም በኮምፒውተርም የሚያነበውን ሰው የሚለይ ሆኖ። ይህን ሥራ እንጀምረዋለን፤ እንደ ልማዳችሁ ተራ ትይዛላችሁ።

እናቴ ቅዳሜ ከመጣችበት አውቶቡስ በቀጥታ ወደ ቢሮው ነው የወሰድናት። በሩ ላይ ያለውን የነሐስ ሰሌዳ የሠራልን የሰበታ አብሮ አደጌ ነው፤ ከላይ በፊደል፣ ከሥር በብሬል። ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ሲገባ እሷ በሩ ላይ ቀረች። እጇን ስይዛት ጣቶቿ ብሬሉ ላይ ነበሩ።

“ይቺ ጉብ ጉብ ያለችው ምንድን ናት?” አለችኝ።

“ጽሑፍ ናት፣ እማ።”

“ምን ትላለች?”

ጣቴን ከጣቷ አጠገብ አድርጌ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሬ አነበብኩላት። ስሜ ላይ ስደርስ፣ የአባቴ ስም ላይ ስደርስ፣ “ድገመው” አለችኝ።